«በጥልቅ» የሚለው ቃል

ባቱሚ ላይ ዝናብ፤ ሦስተኛ ቀኑ ነው።
ባሕሩ አመድማ፣ ሰማዩም እንደዚያው።
ሰባት ሰው ተቀምጧል ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
ማሞቂያው ሲያጉረመርም፣ ሙቀቱን ግን ሳናይ።
ስምንተኛዋ እኔ ነኝ፣ ድምፅ የሌለኝ ሴት፣
የሚሉትን ልጽፍ የመጣሁ ከቤት።

«መግለጫው ይነበብ» አለ ዋርላም፣ ሊቀመንበሩ፣
መነጽሩን በክራቫቱ ወልውሎ፣ እንደ ነገሩ።
«በተፈጠረው ሁኔታ በጥልቅ አዝነናል...»
«ቆይ» አለ ሼርማዲን፣ «በጥልቅ ይከብዳል፤
ነገ ቢጠይቁን፣ ምን ያህል ነው ጥልቁ?»
ሌሎቹም በቃሉ ተያይዘው ታነቁ።
ጻፍኩ። «በጥልቅ» ወጣና «እጅግ» ገባ በፋንታው፣
«እጅግ»ም ወጣ። ሻይ መጣ። ቀዘቀዘ፤ ማን ጠጣው።

ከታች ልጆች አሉ፣ ጃንጥላ ያልያዙ፣
የአስመራጮቹን በር ከበው፣ ክንድ ለክንድ የተያያዙ።
የወንድሜ ልጅ ኡቻ፣ አብሯቸው ነው እሱ፤
ሳል አለበት፤ የኔ ኮት ነው ልብሱ።
መስኮቱን ልከፍት ተነሣሁ ለአፍታ፣
«ዝጊው» አለ ዋርላም፣ «ይረብሻል ሁካታ።»

«ሆደ ሰፊ እንሁን፤ ሰበብ አንስጣቸው፤
እኛ ምን አስቸኮለን፣ ጊዜ ነው የሚጥላቸው፤
ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄድ የለ?»
አለ አንዱ ተመችቶት፤ ሌላው «ልክ ነው» አለ።
እኔ ግን አሰብኩኝ እስኪሪብቶ ነክሼ፣
ስንቱን ቃለ ጉባኤ በዚህ ተረት ጨርሼ፦
እግር እስኪያወጣ እንቁላሉን ማን አየው?
እባቡ ጎጆው ውስጥ ገብቶ ነው የቆየው።

አራት ሰዓት ሲሆን በሩ ተንኳኳ።
ናዚብሮላ ገባች፣ የዳቦ ቤት ሠራተኛ፣
ደረጃው የበዛባት፣ የጉልበት ሕመምተኛ፤
የብስኩት ቆርቆሮ አቅፋ እንደ ሕፃን፣
ጠረጴዛው ላይ አኑራ ከፈተች ክዳኑን።
ድምፅ መስጫ ወረቀት፣ መቶ አርባ ሁለት፣
ባሕር ከጠጠሩ ላይ የተፋቸው ሌሊት።
«አንድ በአንድ ለቀምኩ፣ እቤቴ ተኮስኩ፣
ቀለሙ እንዳይለቅ በሻሽ እያለበስኩ።
ይኸው የሰው ጣት አለ፤ ይኸው ምልክቱ፤
የኔም ሳይኖር አይቀርም» አለች፣ «ከነዚህ ከስንቱ።»

ዝም አሉ። ጨው ሸተተ፣ የተተኮሰ ጨርቅ፤
ሼርማዲን ወንበሩን ገፋ፣ ከቆርቆሮው ሊርቅ።
«አይነካ! መንካቱ ራሱ ሊያስከስስ ይችላል፤
ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም፤ ማክሰኞ ይታያል።»
ዋርላምም አመሰገናት፣ እጇን ጨብጦ፣
የግድግዳውን ሰዓት በጎን ዓይኑ ገልምጦ።
«ማክሰኞ?» አለች እሷ፤ «ዛሬ ዓርብ አይደል?»
«ትዕግሥት፣ እመቤቴ! ጥድፊያ ነው የሚበድል።»
ክዳኑን ሳትመልስ ወጣች። ደረጃው ሲቆጥራት፣
አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው፣ እስከ ታች ሰማኋት።

ድምፅ ተሰጠ፤ አራት ለሦስት፤ «በጥልቅ» ይግባ ተባለ።
ሲያጨበጭቡ፣ ከታች፣ ጎዳናው ዝም አለ።
መስኮቱን ከፈትኩት፤ ማንም ልብ አላለ፤
ሰማያዊ መብራት ኩሬው ላይ ዋለለ።
ኮቴ አስፋልቱ ላይ ወድቋል፣ ባዶውን፣
ሰው እንዳቀፈ ሁሉ ዘርግቶ እጅጌውን።
ጅብ ከሄደ የሚጮህ ውሻ እንኳ ተሻለ፤
የኛው «ነጠላ ሰረዙ ይቅር ወይ?» እያለ።

«በይ አንብቢልን» አለኝ ዋርላም። አነበብኩ፦
«የተገኙ፦ ሰባት። አጀንዳ፦ አንድ ቃል።
ውጤት፦ አራት ለሦስት፤ ቃሉ ተመልሷል።
ያልተቆጠረ ድምፅ፦ መቶ አርባ ሁለት።»
«ይህን ሰርዢው» አለ። እስኪሪብቶውን ሰጠሁት።

ቆርቆሮውን አቅፌ፣ ክዳኑን ገጥሜ፣
ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሰማኋቸው ቆሜ፤
«ይሰረዝ» ለማለት ድምፅ ያሻል? አያሻም?
እየተከራከሩ። ዝናቡም አላባራም።
ወረድኩ፤ ኡቻ፣ ኡቻ እያልኩ።